የነኢማ ጎማና ሽታ የሌለው ወተት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሚያልፍ ሰው መንገዱን ልቀቁለትና ስሙኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ከወዲያና ከወዲህ ተቃቅፈው አስፋልቱን ጥላ ባለበሱት መንገድ አካባቢ፣ ነኢማ የምትባል የስፖርት አስተማሪ አለች። ብስክሌት ነጂ ናት። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ በሜዳው መንገድ መልካ ጀብዱ ደርሳ ተመልሳ፣ ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ ክፍል የምትገባ ሴት ናት። ባሏ ምስባህ ፉል ቤት አለው። እሱ ብስክሌት አይነዳም፤ ልጅ ሆኖ አንዴ ሞክሮ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ተተከለ፣ በዚያው ቀረ። ሚስቱ በፉል ቤቱ በር ስታልፍ ግን ጭልፋውን ብድግ አድርጎ ሰላም ይላታል፤ እሷም ሳትቆም ትስቅለታለች። ደንበኞቹ «አቦ ምስባህ፣ ፉሉ አረረ!» እስኪሉት ድረስ ከኋላዋ ያያታል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በክረምቱ ልጅ ወልደው ነበር። ሴት ልጅ። አልቆየችም። ሆስፒታል ሁለት ሆነው ገቡ፣ ሁለት ሆነው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ነኢማ ምንም አላማራትም። ምግብ ሲቀርብላት ትበላለች፣ ሰው ሲመጣ ትነሳለች፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች። «ይሄን እፈልጋለሁ» ግን አትልም። ከበር መውጣትም ትታለች። ብስክሌቷ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፋ የድሬን ሙቀት ስትጠጣ ከረመች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ነኢማ ሳህኑን እያነሳች እንደ ዘበት፣ «ነገ ጠዋት መንዳት አማረኝ» አለች።

ምስባህ እጁ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ ይዞ ቀረ። ዞር ብሎም አላያትም። መስኮት ላይ ያረፈች ወፍ እንዳትበርበት የሚጠነቀቅ ሰው ሆነ። «ጥሩ ነዋ፣ ንጂ» አለ።

ነኢማ በረንዳው ላይ ወጥታ ብስክሌቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገቻት። የፊቱ ጎማ እንደምንም ይዟል። የኋላው መሬት ነክቷል። ምስባህ ፖምፓውን አምጥቶ ነፋ፣ ነፋ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ነፋ። ጎማው የሰጡትን ሁሉ ፍስስስ እያለ መልሶ አስወጣው።

ይሄ ጎማ ካላማደሪያ፣ የውስጥ ላስቲክ፣ የለውም። ዘመናዊ ነው። ውስጡ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ራሱ ሮጦ ሄዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ነጂዎቹ «ወተት» ይሉታል። የነኢማ ጎማ ወተት ግን ከክረምት እስከ በጋ ያለ ሥራ ተቀምጦ ደርቋል።

«ወተቱ ደርቋል» አለች ነኢማ። ትንሽ ቆማ ጎማውን አየችው። «ተወው ምስባህ፤ ይቅር።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ይቺ «ይቅር» ምስባህን ከጎማው የባሰ አስተነፈሰችው። ስንት ጊዜ የጠበቃት ምኞት መጥታ፣ በረንዳ ላይ ደርሳ ልትመለስበት ነው። ዛሬ ካልያዛት ነገ ትኑር አትኑር ማን ያውቃል? ብስክሌቷን ትከሻው ላይ አወጣና በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ከቤት ወጣ።

መንገድ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍሬን ያዘለት። «ምስባህ! የነኢማ ብስክሌት አይደለችም እንዴ? ልትነዳ ነው?»

«ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም» አለ ምስባህ። «ሙክታር ጋ አድርሰኝ።»

የሙክታር የብስክሌት ዕቃ መሸጫ መጋላ ነው፣ ከደቻቱ ማዶ። ሙክታር ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ስለ ዕቃው ማውራት የሚወድ ሰው ነው። ምስባህ ብስክሌቷን በሩ ላይ አቆመና የመጣበትን ተናገረ።

«ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም፤ ወተት ሳይጠጣ ጎማው ንፋስ አይዝም። ወተት ስጠኝ።»

ሙክታር የነኢማን ስም ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «ወላሂ? ነኢማ ልትነዳ? አቦ ተቀመጥ!» ሦስት ጠርሙስ ፈልጎ ባንኮኒው ላይ ደረደረና መጀመሪያ ነጩን አነሳ። «ይሄ ብዙ ሰው የሚወስደው ነው። ቀጭን ነው፣ ፈጣን ነው፣ እሾህ ወጋ ሲልህ ደፍኖልሃል። እዚህ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎ ቶሎ መጨመር አለብህ።» ክዳኑን ከፈተለት።

ምስባህ አፍንጫውን አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። ሙክታር አሞኒያ ነው አለው፤ ፈሳሹ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጨምሩበት። ምስባህ ስሙን አያውቅም፣ ሽታውን ግን ያውቃል። ያን ዕለት ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ነኢማ አጠገቡ ተቀምጣ፣ አንዲት ሴት ወለሉን ስትወለውልበት የነበረው ሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ነኢማ ይሄ ሽታ ከጎረቤት በመስኮት ሲገባ እንኳ ፊቷ ሲለወጥ አይቷል። ለማንም አልተናገረም። የቤታቸውን ወለል ግን ከክረምት ወዲህ በንጹህ ውሃ ብቻ ነው የሚወለውለው።

«ሌላ» አለ ምስባህ።

«ይሄ ደግሞ ፍርፋሪ ያለበት ነው። ሰፊ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ለተራራ ጎማ ነው የሚሆነው። ለነኢማ ቀጭን ጎማ ግን ፍርፋሪው ቫልቩ ላይ ይቀረቀርና ያናድዳታል።»

ምስባህ አሸተተው። እሱም ያው ነው። «ሌላ።»

ሙክታር ሦስተኛውን ጠርሙስ አንስቶ ነቀነቀው። ባዶ ነው፤ ለማሳያ ያስቀመጠው። «የምትፈልገው ይሄን ነበር። ከአትክልት የሚሠሩት ነው፣ ምንም አይሸትም፣ ሙቀት ቢመታው ቶሎ አይደርቅም፣ በውሃ ይታጠባል። ለሰፊ ቀዳዳ ሰነፍ ነው፤ ለእሾህ ግን ይበቃል። የመጨረሻውን ዛሬ ጠዋት ጌድዮን መካኒኩ ወሰደው። አሁን ነጩን ውሰድ አቦ፤ ሽታው ጎማ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ማን ያሸተዋል?»

ጎማ ላስቲክ ነው፤ ውስጡ ያለው ወተት ይፈሳል፣ ይረጫል። እሷ ደግሞ ጎማዋን ራሷ ካልነካካች የማትወድ ሰው ናት። ምስባህ ይሄን ሁሉ አላወራም። «አይሆንም» ብቻ አለና ብስክሌቷን ተሸከመ።

ደቻቱን ተሻግሮ ወደ ከዚራ ሲመለስ አንዲት የነኢማ የሥራ ባልደረባ በጃንጥላዋ ስር አስቆመችው። «ምነው ተሸክመህ ትዞራለህ? ነኢማስ?»

«ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም፤ ወተት ሳይጠጣ ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጌድዮን ሳይሰጥ ወተት የለም።»

«እንግዲያው ምን ትቆማለህ? ሂድ እንጂ!» አለችና በጃንጥላዋ ጫፍ ጀርባውን ገፋችው።

ጌድዮንን ከከዚራ ዛፎች በአንዱ ስር ብስክሌት ገልብጦ ሰንሰለት ሲያጥብ ነው ያገኘው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ የነኢማን ጎማ ከራሷና ከእሱ በቀር ፈትቶት የሚያውቅ የለም። የምስባህን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። የኋላውን ጎማ ፈታ፣ ከፈተ፣ የደረቀውን ወተት እንደ እንቁላል አስኳል ሽፋን ልጦ ልጦ አወጣ። ከጎማው ላይ አንድ አሮጌ የግራር እሾህ ነቀለ። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጎማውን መልሶ ቸርኬው ላይ አለበሰው። ሽታ የሌለውን ጠርሙስም ከሳጥኑ አወጣ። ምስባህ ደስ ሊለው ሲል ጌድዮን ጠርሙሱን ሳይከፍት ያዘው።

«ምስባህ፣ ስማኝ። ይሄ ጎማ ከቸርኬው ጋር ጥርቅም ብሎ መግጠም አለበት። ሲገጥም ጧ! ይላል። ጧ ሳይል ወተቱን ባፈስ ሁሉም በጎንና በጎን መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ያለኝ ደግሞ ይሄው ብቻ ነው፤ መሬት አላጠጣም። በእጅ ፖምፓ ጧ አይልም፤ ለረጅም ጊዜ የቆመ ጎማ ነው፣ ደርቋል። ኮምፕሬሰር ይፈልጋል።»

«ኮምፕሬሰር የት አለ?»

ጌድዮን በአገጩ መንገዱን ማዶ አሳየው። አደም ጎሚስታው አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ በካርቶን ራሱን ያራግባል። ምስባህ መንገዱን ተሻገረ። ጌድዮንም ጎማውን በአንድ እጁ፣ ጠርሙሱን በሌላው ይዞ ተከተለው።

«አደም» አለ ምስባህ፣ «ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም፤ ወተት ሳይጠጣ ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጌድዮን ሳይሰጥ ወተት የለም፤ ጎማው ጧ ሳይል ጌድዮን አይሰጥም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳይነፋ ጎማው ጧ አይልም። በአላህ፣ ንፋልኝ።»

አደም ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የምስባህን ፊት አየና ሳቁን ሰበሰበ። «ነኢማ ናት?»

«ነኢማ ናት።»

«ወንድሜ፣ በአፌ የሚነፋ ቢሆን በአፌ እነፋልህ ነበር። መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ የለም። ይኸው ዝንብ ነው የማባርረው። ማታ ይመጣል ይላሉ፤ እንዲህ ማለት ደግሞ ለምደዋል።» በካርቶኑ ወደ ጎን ጠቆመው። «ጀነሬተር ያላት ፈትሂያ ብቻ ናት። ኮምፕሬሰሬን ገመድ አስረዝሜ እሷ ጋ እሰካዋለሁ፤ እሷ ታስነሳልህ እንጂ እኔ ዝግጁ ነኝ።»

የፈትሂያ ጁስ ቤት ከአደም ጋር ግድግዳ ይጋራል። ባለ ማንጎ ሥዕሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ልቅሶ ይሰማል። የሕፃን ልቅሶ ነው፣ የሰለቸውና የደከመው፣ ግን እንቢ ያለ። ምስባህ በሩ ጋ ደርሶ እግሩ ተያዘ። እንደምንም ግን ገባ።

ፈትሂያ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከማቀዝቀዣው እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ ማቀዝቀዣው ትመላለሳለች። ምስባህ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የመጣበትን ዘረዘረላት። «ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም፤ ወተት ሳይጠጣ ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጌድዮን ሳይሰጥ ወተት የለም፤ ጎማው ጧ ሳይል ጌድዮን አይሰጥም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳይነፋ ጎማው ጧ አይልም፤ ጀነሬተሩ ሳይነሳ ኮምፕሬሰሩ አይነፋም።»

ፈትሂያ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለነኢማ ይሁን ለራሷ ድካም አይታወቅም። «ምስባህ ወንድሜ፣ ለነኢማ ጀነሬተር አይደለም ይሄን ቤት እሰጣለሁ። ግን እየው። ሐምዲ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም። ጀነሬተሩ እዚችው መጋረጃ ጀርባ ነው። ጠዋት ላስነሳው ስል በድንጋጤ ትንፋሽ አጥሮት ጠቆረብኝ። አንዴ ከተኛ ጆሮው ስር ከበሮ ቢመታ አይሰማም። ልጁ ሳይተኛ ግን አላስነሳም፤ ነፍሴ አትችልም።»

እንግዲህ እዩት። ጎማው ንፋስ ሳይዝ ነኢማ አትነዳም፤ ወተት ሳይጠጣ ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጌድዮን ሳይሰጥ ወተት የለም፤ ጎማው ጧ ሳይል ጌድዮን አይሰጥም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳይነፋ ጎማው ጧ አይልም፤ ጀነሬተሩ ሳይነሳ ኮምፕሬሰሩ አይነፋም፤ ልጁ ሳይተኛ ጀነሬተሩ አይነሳም። ልጁ ደግሞ አልተኛም።

አደምና ጌድዮንም ገቡ፤ ሦስት ወንዶች አንድ ሕፃን ለማስተኛት ተነሱ። አደም በካርቶኑ አራገበለት። ሐምዲ ካርቶኑን አይቶ ጮኸ። ጌድዮን፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ እሹሩሩ አለ። ሐምዲ ለአፍታ ዝም ብሎ ሰማው፣ ከዚያ ይባስ ብሎ ጮኸ። ፈትሂያ ክንዷ ዝሎ ልጁን ወደ ምስባህ ዘረጋች። «እስቲ ትንሽ ያዝልኝ፣ ውሃ ልጠጣ።»

የምስባህ እጆች አልተነሱም። ወደ ታች ተንጠልጥለው ቀሩ። «እጄ ፉል ይሸታል» አለ። ፈትሂያ ገባት። ልጁን መልሳ ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

የምስባህ ስልክ ጮኸ። ነኢማ ናት።

«ምስባህ፣ ብስክሌቴ የለችም።»

«እኔ ጋ ናት። አደም ጎሚስታው ጋ ነን።» ወደ ውጭ ወጣ አለ።

«ይቅር አላልኩህም? እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ምስባህ ግድግዳውን ተደገፈ። «ጎማው ንፋስ ሳይዝ አንቺ አትነጂማ። ወተት ሳይጠጣ ደግሞ ጎማው ንፋስ አይዝም። ጌድዮን ሳይሰጥ ወተት የለም፤ ጎማው ጧ ሳይል ጌድዮን አይሰጥም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳይነፋ ጎማው ጧ አይልም፤ ጀነሬተሩ ሳይነሳ ኮምፕሬሰሩ አይነፋም፤…»

እዚህ ላይ አፉ ተያዘ።

በስልኩ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ምስባህ ያን ድምፅ ከሰማ ስንት ጊዜው! «እሺ» አለች ነኢማ፣ «ጀነሬተሩስ ለምንድነው የማይነሳው?»

ምስባህ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ምስባህ? ምን ሳይሆን ነው ጀነሬተሩ የማይነሳው?»

ውሸት ፈለገ። ቤንዚን የለም ልበል? ቁልፉ ጠፋ ልበል? ገመዱ ተበጠሰ ልበል? አንዱን መርጦ አፉን ሲከፍት፣ ሐምዲ በሩ ላይ በእናቱ ትከሻ ብቅ አለና የአካባቢውን አየር በሙሉ የሰበሰበ አንድ ጩኸት ለቀቀው። ስልኩም እንዳለ ተቀበለና አደረሰ።

ምስባህ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ ወፏ በረረች።

«ልጁ ሳይተኛ» አለች ነኢማ በመጨረሻ። ራሷ ናት የጨረሰችው።

«ነኢማ፣ ተይው፣ መጣሁ፣ ብስክሌቷን ይዤ…»

«እዚያው ቆይ።» ስልኩ ተዘጋ።

ፀሐይ ዘንበል ብላ በዛፎቹ መሐል ቢጫ ስትሆን፣ ነኢማ በቤት ድሪያ ቀሚሷ ላይ ሻሽ ጣል አድርጋ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አዩዋት። ከክረምት ወዲህ መንገድ ላይ አይተዋት አያውቁም። ማንም ስሟን አልተጣራም፤ ደህና ነሽ ወይ እያሉ ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እሷም እጇን ደረቷ ላይ እያደረገች አለፈች።

ፈትሂያ ስታያት ደነገጠች። ገላዋን አዞረች፤ ልጇን በትከሻዋ ልትጋርደው። እንዲህ ያለ ነገር ይጋረዳል እንዴ? ነኢማ ዞራ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ስንት ጊዜው ነው?»

ፈትሂያ ምስባህን አየችው። ምስባህ መሬቱን አየ። «የክረምት ልጅ ነው» አለች ፈትሂያ ቀስ ብላ።

«የክረምት» አለች ነኢማ። የልጁን እግር በሁለት ጣቷ ያዘች። «የእኔም የክረምት ነበረች።»

ምስባህ ይሄን ሲሰማ ቀና አለ። ነኢማ ስለ ልጅቷ ከአፏ ቃል አውጥታ አታውቅም፤ ለእናቷም፣ ለእሱም። አሁን መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ ቤት በር ላይ፣ «የእኔም» አለች።

«ስጪኝ እስቲ» አለች ነኢማ።

ሐምዲን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዛፎቹ ስር መሄድ ጀመረች። ሐምዲ ይጮኻል፣ እሷ ትሄዳለች። ምስባህ ሊከተል ሲነሳ አደም ክንዱን ያዘው። «ተዋት» አለው። ነኢማ እስከ መታጠፊያው ሄደች። እዚያ ቆመች። ፊቷን ወደ አንድ ዛፍ ግንድ አዙራ ቆማ ቆየች። ልቅሶ ይሰማል፣ ግን ከሩቅ የልጁ ይሁን የእሷ መለየት አይቻልም። ምስባህ እጁን እጁ ውስጥ አሽቶ አሽቶ ላብ አደረገው። ፈትሂያም ልጇን አልተከተለችም፤ በሩን ይዛ እሷም ታለቅሳለች። ጌድዮን ጠርሙሱን ያለ ምክንያት ይነቀንቃል።

ከዚያ መንገዱ ጸጥ አለ።

ነኢማ ቀስ እያለች ተመለሰች። ፊቷ እስከ አገጯ ርሷል። ሁለቱም እጇ ተይዟልና አልጠረገችውም። ሐምዲ አፉን ከፍቶ፣ የሻሿን ጫፍ በጡጫው ጨብጦ፣ ድብን ብሎ ተኝቷል።

ፈትሂያ ልትቀበላት ስትጠጋ ነኢማ አልፋት ሄዳ ምስባህ ፊት ቆመች። «ያዘው። እኔ ጎማው ላይ እፈለጋለሁ።»

«እጄ እኮ ፉል…»

«ያዘው ምስባህ።»

ያዘው። መጀመሪያ እንደሚሰበር ዕቃ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን። ሐምዲ ከደረቱ ላይ ቦታ ፈልጎ ራሱን አመቻቸ። ሙቅ ነው፤ ትንሽ ላብ፣ ትንሽ ማንጎ ይሸታል። ምስባህ ሌላውን ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ከዚያች ትንሽ ራስ በላይ አሻግሮ ነው ያየው።

ልጁ ተኛ። ልጁ ሲተኛ ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ፈትሂያ ገመዱን ሳበችው፣ ሰፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሐምዲ ከንፈሩን እንኳ አላነቃነቀም። ጀነሬተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ነፋ። ኮምፕሬሰሩ ሲነፋ ጎማው በአንድ ጎኑ ጧ! በሌላ ጎኑ ጧ! አለ፤ አደም አጨበጨበ። ጎማው ጧ ሲል ጌድዮን ሰጠ።

ጠርሙሱ ሲከፈት ነኢማ ጎንበስ ብላ ነበር። እንደ ልማዷ አሸተተችው፤ ምስባህም ፊቷን ጠበቀ። ምንም። ፊቷ አልተለወጠም። ጌድዮን በቫልቩ በኩል እያንጠባጠበ፣ «ባልሽ ሙክታር ጋ ነጩ ሞልቶ ሳለ እንቢ ብሎ ነው እዚህ የመጣው» አላት።

ነኢማ ቀና አለች። «ነጩን ለምን ተውከው?»

«ይሸታል» አለ ምስባህ፣ በጀነሬተሩ ጩኸት መሐል፣ ልጁን እንዳይቀሰቅስ በሹክሹክታ።

«ምን ይሸታል?»

«ያን… ያን ወለል።»

አየችው። «ቤታችንን በውሃ ብቻ የምትወለውለው ለዚህ ነው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ ሳሙና ሳትገዛ ቀርተህ መስሎኝ ነው» አለች ነኢማ። ሳቅም ልቅሶም የሆነ ነገር ከውስጧ ወጣ። እጇን ወተት ነክቶት ነበር፤ በእጇ ጀርባ፣ እንዳያቆሽሸው ተጠንቅቃ፣ የባሏን ጉንጭ ነካ አደረገችው። አደምና ጌድዮን በጣም አስቸኳይ ነገር ትዝ ብሏቸው ወደ ኮምፕሬሰሩ ዞሩ።

ጌድዮን ሲሰጥ ጎማው ወተት ጠጣ። ጎማው ወተት ሲጠጣ ንፋስ ያዘ። ነኢማ ጎማውን አነሳች፣ አዟዟረች፣ በግራ ጋደም በቀኝ ጋደም አድርጋ ወተቱ ሁሉ ጥግ እንዲደርስ አወዛወዘችው። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ፍስ የሚል የለም።

ጎማው ንፋስ ሲይዝ፣ እሑድ ጠዋት፣ ነኢማ ነዳች።

ምስባህ ስትወጣ አላያትም፤ ፉል ቤቱን ሊከፍት ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን በበሩ ላይ ቀጭን የጎማ ድምፅ ሽው ብሎ አለፈ። ጭልፋውን ይዞ ሲወጣ ጀርባዋ ብቻ ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ ሲታጠፍ ደረሰበት። ቆሞ ቀረ። ፉሉ አረረ። ደንበኞቹ ያረረውን ፉል ዝም ብለው በሉ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ተመለሰች። ላቧ ወርዷል፣ ጉንጯ ቀልቷል። ከብስክሌቷ ወርዳ የኋላውን ጎማ ብድግ አደረገችና ቀስ ብላ አዞረች፣ አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

«መመለሻዬ ላይ እሾህ ወጋኝ» አለች። «ይኸውልህ ቀዳዳው።»

ምስባህ ተንበርክኮ አየ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እርጥብ ነጥብ ናት። ጎማውን በጡጫው መታ መታ አደረገው። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

«ንፋሱስ አልወጣም?»

«ትንሽ ወጣ» አለች ነኢማ። «ከዚያ ቆመ።»

ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወንበር ሳበች። ተቀመጠችና ሻሿን እየፈታች፣ «ምስባህ፣ ርቦኛል» አለችው።